እንቁላሉን የሚሰብረው ምንድን ነው? የ‹ጀርክ› ታሪክ ከሶልዝበሪ እስከ አዋሽ

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ካልሄዳችሁ ልንገራችሁ። መንገዱ ከከተማው እንደወጣ ሽቅቡን ይያያዘዋል፤ ኮሶዬ ላይ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ የወገራ ብርድ ነው። እኔ በዚህ መንገድ እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። ዛሬ የማወጋችሁ ነገርም መጀመሪያ የገባኝ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ቀመሩን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ስንወርድ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጭድ፣ ጭዱ ውስጥ እንቁላል። «እማማ፣ ያምጡት እኔ ልያዝልዎ» ብላቸው «ተወው ልጄ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ነዳጅ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ፍሬን ይይዛል፣ እንደገና ይረግጣል። ትንሽ ከታገሡ በኋላ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ መሮጡንስ ሩጥ፤ እንዲህ እየነጠቅህ ብቻ አታስደንግጠኝ።»

ሩጥ፣ ግን አትንጠቅ። ሴትዮዋ ፍጥነትንና ሌላ አንድ ነገርን ለይተው ነው የተናገሩት። ያ ሌላ ነገር በፊዚክስ መጽሐፍ ስም አለው፤ ጀርክ ይባላል። በአማርኛ የረጋ ስም ሲወጣለት አላየሁም። መንገዱ ሲከፋ «አንገጫገጨን» እንላለን፣ ፍሬን በድንገት ሲያዝ «ወረወረን» እንላለን፤ እማማ ደግሞ «ነጠቀን» አሉ። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ ለጊዜው ግን ጀርክ እያልን እንቀጥል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ መኪና የት እንዳለ የሚነግረን ቦታው ነው። ቦታው በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ስንጠይቅ ፍጥነት እናገኛለን። ፍጥነቱ ራሱ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ስንጠይቅ ፍጥንጥነት (አክስለሬሽን) እናገኛለን። ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ጥያቄው አያቆምም፤ ፍጥንጥነቱስ ምን ያህል ቶሎ ይለወጣል? መልሱ ጀርክ ነው፤ የቦታ ሦስተኛው ለውጥ።

በቁጥር እንየው። አንድ ሚኒባስ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህ በሰከንድ 20 ሜትር ማለት ነው። ሁለት ሹፌሮች አሉ፤ ሁለቱም ፍጥነታቸውን በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እየቀነሱ መቆም ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ፍሬኑን ቀስ አድርጎ በ2 ሰከንድ ውስጥ ነው ወደዚያ መጠን የሚያደርሰው፤ ጀርኩ 1 ይሆናል። ሁለተኛው በሰከንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ ይረግጠዋል፤ ጀርኩ 10 ነው። የፍሬኑ ጉልበት አንድ ነው፤ የሚቆሙበት ርቀትም ብዙ አይራራቅም። ተሳፋሪው ግን በአንደኛው መኪና ውስጥ እንቅልፉን ይቀጥላል፣ በሁለተኛው ግንባሩን ከፊት ወንበር ጋር ያጋጫል።

ሌላም ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። መኪና ሊቆም ሲል ሰውነታችሁ ወደፊት ያዘነብላል፤ ልክ በቆመባት ቅጽበት ደግሞ ጭንቅላታችሁ ወደኋላ ይመለሳል። ለምን? ፍሬኑ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ይጎትት ነበር፤ መኪናው ሲቆም መጎተቱ በአንዴ ዜሮ ሆነ። ከፍተኛ ጀርክ ማለት ይሄው ነው። ጎበዝ ሹፌር ሊቆም አንድ ሁለት ሜትር ሲቀረው ፍሬኑን ትንሽ ላላ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ማንም ካልኩለስ አላስተማረውም፤ ተሳፋሪ ሲያጉረመርም እየሰማ ተማረው።

ሰውነታችን ቋሚ ግፊትን ይችላል። ወንበሩ ጀርባችንን በእኩል ኃይል እየገፋን ለብዙ ሰከንድ ብንሄድ የአንገት ጡንቻ ተስተካክሎ ይጠብቃል። ግፊቱ በድንገት ሲለወጥ ግን ጡንቻው ትእዛዝ እስኪደርሰው ጊዜ ያንሰዋል።

እንቁላሉስ? እንቁላል ጡንቻ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ላሳያችሁ፤ ገበያ ስትሄዱ ሞክሩት። የሚንጠለጠል፣ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ ሚዛን ፈልጉ፤ እኛ አገር ድንች የሚመዘንበት ዓይነት። 5 ኪሎ ድንች በፌስታል መንጠቆው ላይ አንጠልጥሉ፤ ግን ፌስታሉን ከሥር በእጃችሁ ደግፋችሁ ያዙ። አሁን እጃችሁን ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ፤ መርፌው ቀስ ብሎ ሄዶ 5 ላይ ይቆማል። ከዚያ እንደገና ደግፉትና በአንዴ እጃችሁን ሸሽ አድርጉ። መርፌው 5ን አልፎ ወደ 10 ይጠጋል፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ዋዥቆ በመጨረሻ 5 ላይ ይረጋል። (ባለሚዛኑን አስፈቅዱ፤ ሚዛኑም ከ10 ኪሎ በላይ የሚችል ይሁን።)

ድንቹ ያው 5 ኪሎ ነው፤ ክብደቱ አልጨመረም። ነገር ግን በድንገት የተጫነ ጭነት፣ ቀስ ብሎ ከተጫነው ጋር ሲነጻጸር እስከ ሁለት እጥፍ ሊለጥጥ ይችላል። ሞላ ያለው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ የመኪና ባሌስትራ፣ ድልድይ፣ ገመድ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሳይቀር። ጭዱ የሚሠራውም ሥራ ይህን ማለዘብ ነው፤ ግፊቱ እንቁላሉ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ያረዝመዋል።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በተራራ ላይ ሲጎተት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ነበር። ያን ያህል ሰው ገመዱን እኩል ካልወጠረውና አንዱ ወገን በድንገት ከሳበ፣ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመድፉ ክብደት ተነሥቶ ከሚሰላው በላይ ይዘላል። ከባድ ነገር አብረው የሚስቡ ሰዎች በዜማ እየተቀባበሉ የሚስቡት ለምን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ የሆነልኝ ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ኒውተን የእንቅስቃሴ ሕጎቹን የያዘውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው፤ ጎንደር ላይ ያኔ ታላቁ ኢያሱ ነግሠዋል። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ኃይልን የሚያገናኘው ከሁለተኛው ለውጥ፣ ከፍጥንጥነት ጋር ነው። ኃይሉን ካወቅህ፣ አሁን የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ካወቅህ፣ ቀሪውን መንገድ ማስላት ትችላለህ። ሦስተኛ ለውጥ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ ሲሄዱ አያንገጫግጩም፤ ስለዚህ የሰማይ ሊቃውንት ጀርክን ለመጠየቅ ምክንያት አልነበራቸውም።

ከኒውተን በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1845 አቤል ትራንሶን የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው ስለ መካኒክስ መሠረቶች ባሳተመው ማስታወሻ ላይ ከፍጥንጥነት ቀጥሎ ያለውን ለውጥ ራሱን የቻለ ነገር አድርጎ አነሣው። የሚፈልገው ሰው ግን ብዙም አልነበረም። ፈላጊው የመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ከባቡር።

የመጀመሪያዎቹ የባቡር መንገዶች አሠራር ቀላል ነበር፤ ቀጥ ያለ ሐዲድ፣ ከዚያ የክብ ቁራጭ የሆነ ኩርባ፣ ከዚያ እንደገና ቀጥ ያለ ሐዲድ። ወረቀት ላይ ሲሳል ያምራል፤ መስመሩ የትም አይሰበርም። ግን አንድ ነገር ተደብቋል። ባቡር በክብ ላይ ሲሄድ ወደ ጎን የሚገፋ ፍጥንጥነት አለ፤ መጠኑ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለክቡ ሬድየስ ሲካፈል ነው። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ይህ ዜሮ ነው። መጋጠሚያው ላይ ታዲያ ምን ይሆናል? ከዜሮ ወደ ሙሉው መጠን ይዘላል፤ በአንዴ። እጃችሁን ከድንቹ ሥር ሸሽ እንዳደረጋችሁት ማለት ነው።

ባቡር በቀስታ ሲሄድ ይህ አልተሰማም። ሲፈጥን ተሰማ፤ ሐዲዱም መንኮራኩሩም መጋጠሚያው ላይ ቶሎ ይበላ ጀመር። ኋላ በመርከብ ምርምር የታወቀው እንግሊዛዊው ዊሊያም ፍሩድ በወጣትነቱ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ሳለ ቀጥታውንና ክቡን ቀስ በቀስ የሚያገናኝ ሽግግር ኩርባ የሚቀየስበትን ዘዴ አበጅቶ ነበር። ነገር ግን ብዙ መስመሮች አስቀድመው ተሠርተዋል፤ ማን አፍርሶ ይሠራል? ሐዲድ ማንሣት ገንዘብ ነው፣ ተሳፋሪ ማጉረምረሙ ደግሞ ነጻ ነው። መሐንዲስ ሆኜ የምታዘበው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ዘዴው ኖሮ ሥራው የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1906 ሌሊት ከፕሊማዝ ወደ ለንደን የሚጓዝ ባቡር ሶልዝበሪ ጣቢያ ደረሰ። ተሳፋሪዎቹ ከአሜሪካ በመርከብ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከጣቢያው ወዲያ ባለው ኩርባ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር (30 ማይል) ነበር፤ ባቡሩ ከዚያ ከእጥፍ በላይ፣ 110 ኪሎ ሜትር (70 ማይል) አካባቢ እየሄደ ገባበት። ተገለበጠ፤ በሌላኛው ሐዲድ ይመጣ የነበረ የወተት ባቡርንም መታ። 28 ሰዎች ሞቱ።

ሒሳቡን እንሥራው። ፍጥነቱ የተፈቀደውን 2.3 እጥፍ ገደማ ነው። ወደ ጎን የሚገፋው ፍጥንጥነት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከ5 እጥፍ በላይ ይሆናል። ጀርክስ? ባቡሩ ኩርባው ውስጥ የሚገባበት ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል፤ ስለዚህ ጀርክ የሚያድገው በፍጥነቱ ኪዩብ ነው፤ ከ12 እጥፍ በላይ! እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ እንሁን። ያን ባቡር የገለበጠው በዋናነት ፍጥንጥነቱ ነው፤ ሽግግር ኩርባ ቢኖርም በዚያ ፍጥነት መገልበጡ አይቀርም ነበር። ቢሆንም አደጋው አንድ ጥያቄ አስነሣ፤ ለመሆኑ በአንድ ኩርባ ላይ ‹በሰላም የሚያስኬድ› ፍጥነት ስንት ነው? በምን ይለካል?

ከመለሱት አንዱ ዊሊያም ሾርት ነው። የሶልዝበሪው መስመር ባለቤት በሆነው ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ነባር የባቡር ኩርባዎች እንዴት እንደሚሻሻሉ የሚያሳይ ጥናት አቀረበ። ዋናው ሐሳቡ አጭር ነው፤ ወደ ጎን የሚገፋው ፍጥንጥነት በየሰከንዱ ከአንድ ጫማ በሰከንድ ስኩዌር በላይ መጨመር የለበትም። በእኛ መለኪያ 0.3 ሜትር በሰከንድ ኪዩብ መሆኑ ነው። ተሳፋሪ እስከዚህ ድረስ አይረበሽም፤ ከዚህ በላይ ይሰማዋል። ጀርክ በፈረንሳይ መጽሔት ላይ ከታየ ከ64 ዓመት በኋላ እንዲህ በሐዲድ ላይ የሚሠራ ቁጥር አገኘ። የሾርት ቁጥርና መሰሎቹ ከባቡር ወደ መኪና መንገድ ንድፍም ተሻግረዋል።

ጉጉት ላደረባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው ሾርት ኋላ ወደ ሰዓት ሥራ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1921 የፔንዱለም ሰዓት ሠራ፤ በዓመት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ የሚስት። ባቡር ሲወዛወዝ የጠላ ሰው ፔንዱለም ሲወዛወዝ ወደደ።

ሶልዝበሪ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን የእኛ ባቡር የት ነበር? ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው ሥራ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው በገንዘብና በፖለቲካ ምክንያት ቆሞ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ጠባብ ሐዲድ በተራራና በገደል መካከል ጠበብ ያለ ኩርባ ይዞ እንዲሄድ ያስችላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ዋጋው ግን ፍጥነት ላይ ነው፤ በጠባብ ኩርባ ላይ ቀስ ማለት ግዴታ ነው።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አገሩ በረሃብ ላይ ሳለ፣ አዋሽ አጠገብ፣ በአዋሽ ወንዝ ሸለቆ ላይ በተጣመመው ድልድይ፣ አንድ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር ሐዲዱን ስቶ ወደ ገደሉ ወደቀ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ወደ 1,000 ሰው ተሳፍሮ ነበር ይባላል፤ በየመዝገቡ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 428 ነው። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው።

ሶልዝበሪን በእንግሊዝ አገር የባቡር ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዋሽን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ራሴ የሰማሁት ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው፤ ያውም ስለ ኩርባ ንድፍ ሳነብ በአጋጣሚ አግኝቼው። ከሶልዝበሪ በ15 እጥፍ የሚበልጥ ሰው ያለቀበት፣ በዚያው ዓይነት ምክንያት፣ ያውም መፍትሔው በወረቀት ላይ ከሰፈረ ከ70 ዓመት በኋላ። ያበሳጫል። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ዘመናዊ መስመር ሲነደፍ የኩርባዎቹ መግቢያና መውጫ ርዝመት የሚወሰነው በእነ ሾርት ዓይነት ስሌት ነው።

አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ መንገድ እንመለስ። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፋችሁ ስትሄዱ ምድሩ በድንገት ያልቃል፤ ሊማሊሞ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን አሥመራን ከጎንደር ለማገናኘት በዚያ ገደል ላይ መንገድ ቆረጡ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ በራሱ ላይ እየታጠፈ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። ቁልቁል ስታዩት የወደቀ መቀነት ይመስላል።

አንድ ኩርባ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የመረጥኳቸው። ሬድየሱ 15 ሜትር ነው እንበል፤ አውቶቡሱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል። ወደ ጎን የሚገፋው ፍጥንጥነት 5 ሲባዛ በ5፣ ለ15 ሲካፈል 1.67 ነው። ይህን በሾርት ገደብ በ0.3 ቀስ እያልን እንጨምር ካልን 5.6 ሰከንድ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ አውቶቡሱ 28 ሜትር ይሄዳል። መግቢያው 28፣ መውጫው ሌላ 28፣ በድምሩ 56 ሜትር። ኩርባው ራሱ፣ ግማሽ ክቡ፣ ስንት ነው? 47 ሜትር። አያችሁት? ሽግግሩ ከኩርባው ይበልጣል። ለተሳፋሪ ምቾት የሚሆን ቦታ ገደሉ ላይ የለም።

ታዲያ ሰው እንዴት ይወርዳል? ሹፌሩ በእጁ ያስተካክለዋል። ኩርባው ከመድረሱ በፊት መሪውን ማዞር ይጀምራል፤ በመንገዱ ስፋት ውስጥ ከውጭኛው ጠርዝ ወደ ውስጠኛው እየተሳበ ይገባል፤ ፍጥነቱንም ከእኛ ምሳሌ በታች ያወርዳል። ፍጥነት በኪዩብ ስለሚቆጠር ግማሽ ማድረግ ጀርኩን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። በእኩል ፍጥነት እየሄደ መሪውን በእኩል ዝግታ ቢያዞር ደግሞ ጎማው የሚተወው ዱካ በግምት አንድ የታወቀ መስመር ይሆናል፤ የኦይለር ጥምዝ።

የዚህ መስመር ታሪክ ከመንገድም ከባቡርም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1694 ያዕቆብ በርኑሊ አንድ እንቆቅልሽ አሰበ፤ ጫፉ ላይ ክብደት ሲንጠለጠልበት ቀጥ የሚል የብረት ሞላ፣ ክብደቱ ከመንጠልጠሉ በፊት ምን ቅርጽ ነበረው? ቀመሩን ጻፈ፣ ግን እስከ መጨረሻው አልሄደበትም። ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1744፣ ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር በሚገዙበት ዘመን፣ መስመሩን ተነተነው። መስመሩ እየተጠቀለለ ወዴት እንደሚያበቃ ግን አላገኘውም። ያገኘው በ1781 ነው፤ ያኔ ዓይነ ስውር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የብርሃን ተመራማሪዎች መስመሩን ለሌላ ጉዳይ እንደገና አገኙት፤ ወደ መቶ ዓመቱ ማብቂያ ደግሞ አሜሪካዊው የባቡር መሐንዲስ አርተር ታልበት ለሐዲድ ሽግግር ሲፈልግ ራሱን ችሎ ደረሰበት። አንድ መስመር፣ ሦስት ጊዜ የተወለደ። የሊማሊሞ ሹፌሮችን ከቆጠርን ደግሞ አራት ነው።

ከሦስተኛው በኋላስ? ለውጡ ይቀጥላል። አራተኛው ‹ስናፕ›፣ አምስተኛው ‹ክራክል›፣ ስድስተኛው ‹ፖፕ› ይባላሉ። ስሞቹ የአንድ አሜሪካዊ የቁርስ እህል ማስታወቂያ ላይ ያሉ የሦስት የካርቱን ገጸ ባሕርያት ስሞች ናቸው፤ ፊዚክስ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል። ክራክልና ፖፕ እምብዛም ሥራ የላቸውም፤ ስናፕ ግን አለው። ባለ አራት ክንፈ-መዘውር ድሮን ወደ ጎን ለመሄድ መጀመሪያ ማዘንበል አለበት፤ ለማዘንበል ደግሞ ሞተሮቹ የኃይል ልዩነት መፍጠር አለባቸው። ከሞተሩ ኃይል እስከ ድሮኑ ቦታ ያለው ሰንሰለት አራት ደረጃ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሜሊንጀርና ኩማር የድሮንን መንገድ ስናፕ እንዲያንስ አድርገው የሚያሰሉበትን ዘዴ አሳተሙ።

ሦስተኛ ለውጥ ከመኪናም ውጭ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የዋጋ ግሽበት የሚጨምርበት መጠን እየቀነሰ ነው ብለው ነበር፤ ይህን ሁጎ ሮሲ የተባለ የሒሳብ ሰው ኋላ ላይ አንሥቶታል። ግሽበት የዋጋ ለውጥ ነው፤ መጨመሩ ሁለተኛ ለውጥ፣ የመጨመሩ መቀነስ ሦስተኛ። ዘይት ግን በዚያን ቀንም ተወዷል!

እኔም አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ለምርምሬ አንድ ክፍል በሦስት-ዲ ማተሚያ ሳትም ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ጀርክ የሚለውን ማስተካከያ ከፍ አደረግኩት። የክፍሉ ጠርዝ ሁሉ ሞገድ ሞገድ ሆኖ ወጣ፤ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሞተሩ ስቶ ሥራው ሁሉ ተበላሸ። የሚገርመው በብዙዎቹ ማተሚያዎች ላይ ‹ጀርክ› የሚባለው ቁጥር እውነተኛው ጀርክ አይደለም፤ ማተሚያው በአንዴ እንዲዘል የተፈቀደለት የፍጥነት መጠን ነው። ይህንንም ያወቅኩት ከተበላሸ በኋላ ነው።

እጃችን ግን ከማተሚያው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ታማር ፍላሽና ኔቪል ሆጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው እጁን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ሲዘረጋ የሚከተለው የፍጥነት ቅርጽ፣ በጠቅላላው ጀርክን ዝቅተኛ ከሚያደርገው ስሌት ጋር በደንብ እንደሚገጥም አሳዩ። ቀስ ብሎ ይነሣል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። ቤታችሁ ቡና ሲፈላ የተሞላ ሲኒ ለእንግዳ የምታቀብለውን እጅ ተመልከቱ።

ያን ቀን ሹፌሩ እማማን ሰምቷቸው ኖሯል፤ ከኮሶዬ ቁልቁል እንደ ጀመርን ነዳጁን መርገጥና መልቀቁን ተወው። ፍጥነታችን እምብዛም አልቀነሰም። ጎንደር መናኸሪያ ስንገባ እማማ ጭዱን ገለጥ ገለጥ አድርገው እንቁላሉን ቆጠሩ። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ሹፌሩ ዝም ብሎ አየና ከሒሳባቸው ላይ የሁለት እንቁላል ዋጋ መለሰላቸው።